በመሀል አዲስ አበባ የቤት ጽዳት ድርጅት ለመክፈት ምክራችሁን እሻለሁ

ጀማሪዋ ከልደታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ በልደታ፣ በሰንጋ ተራ፣ በሜክሲኮና በካዛንቺስ አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቤት ጽዳት አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት ለማቋቋም በዝግጅት ላይ ነኝ። ሦስታችንም የሠራነው በሆቴል የክፍል ጽዳት ስለሆነ አልጋ ማንጠፍ፣ መታጠቢያ ቤት ማጽዳትና ወለል መወልወል አያስቸግረንም፤ የሚያስጨንቀን የንግዱ ጎን ነው።

ሐሳቡ የመጣልን የአካባቢያችንን አኗኗር ስናይ ነው። በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ውለው ይገባሉ፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሠራተኛ የምታድርበት ቦታ የለም፤ ተመላላሽ በወር ለመቅጠር ደግሞ ወይ አቅም ያንሳል፣ ወይ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ አይኖርም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የሚፈልገው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን መጥቶ፣ ሥራውን በሚገባ ጨርሶ የሚሄድ የታመነ ሰው ነው።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ፈቃዱን በአንዳችን ስም ብናወጣው ይሻላል ወይስ ማኅበር ብናቋቁም፣ ዋጋ በምን ስሌት ይወሰናል፣ ሠራተኞችን በደመወዝ እንቅጠር ወይስ ከየሥራው ድርሻ እንስጣቸው፣ እንዲሁም የማያውቀን ሰው የቤቱን በር እንዲከፍትልን ምን ማድረግ አለብን የሚሉትን ነው። በሥራው ያለፋችሁም ሆናችሁ አገልግሎቱን የተጠቀማችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የንግድ ሕግ ተከታታይ፦

ሰላም እህታችን። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የጸና የንግድ ሥራ ፈቃድ ሳይኖር መነገድ የተከለከለ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ደንበኛ ይገኝና ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል የሚለውን አካሄድ አልመክርዎትም። በዋናነት የሚያስፈልግዎት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ስም፣ የአድራሻ ማስረጃና በጽዳት አገልግሎት መስክ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። አድራሻው በኪራይ ከሆነ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ማጸደቅ ግድ ይላል። ለቤት ጽዳት ሰፊ ቢሮ ስለማያስፈልግ፣ ዕቃ የሚቀመጥበትና ሠራተኞች ልብስ የሚቀይሩበት አንድ ክፍል ለመነሻ ይበቃዎታል።

ሦስት እኩል ባለድርሻዎች ስለሆናችሁ ግን ፈቃዱ በአንዳችሁ ስም ወጥቶ ሌሎቹ ሁለቱ በቃል ስምምነት ብቻ እንዲገቡ አልፈልግም። እንዲህ ሲሆን በሕግ ፊት ነጋዴዋ አንዷ ብቻ ትሆናለች፤ ዕዳውም ግብሩም በእርሷ ላይ ይወድቃል፤ ትርፍ ሲመጣ ደግሞ የሌሎቹን ድርሻ የሚያረጋግጥ ወረቀት አይኖርም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብታቋቁሙ የእያንዳንዳችሁ መዋጮ፣ የትርፍ ድርሻና የሥራ አስኪያጇ ሥልጣን በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይሰፍራል። ብቻዋን የምትጀምር ሰውም ቢሆን በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ማኅበር ማቋቋም ትችላለች።

ማኅበሩ የሚያመጣውን ግዴታም አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። የግል ማኅበር ገቢው የቱንም ያህል ቢያንስ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ይኖርበታል፤ ከትርፉም 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያ ክፍያን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በወጪያችሁ ውስጥ አስገቡ። ዓመታዊ ሽያጫችሁ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ የሚያበቃ ደረጃ ላይ ሲደርስ 15 በመቶ በዋጋው ላይ ስለሚጨመር፣ ከደንበኛ ጋር የምትፈራረሙት ውል ዋጋው ታክሱን ያካትት እንደሆነ በግልጽ ይናገር።

የሰንጋ ተራ እናት፦

ልጄ፣ እኔ የምኖረው በሰንጋ ተራ 40/60 ቤቶች ውስጥ ነው፤ ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው ስላልሆነ ይህ አገልግሎት በጣም ያስፈልገኛል። ስለዚህ ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት የምፈልገው የማውቀው ፊት እንዲመጣ ነው። ዛሬ አንዷ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ የምትመጣ ከሆነ በየጊዜው ቤቴን እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጽዳቱ የበለጠ ያደክማል። መቀየር ግድ ከሆነ ከዋዜማው ተደውሎ ይነገረኝ፤ የምትመጣዋም ስሟና ፎቶዋ ቀድሞ ይድረሰኝ። የፋይዳ መታወቂያዋ ቅጂ፣ ዋስ ያቀረበችበት ወረቀትና የአሻራ ማስረጃዋ በእናንተ ዘንድ መኖሩን ካወቅሁ እኔ ዘንድ ባይኖርም አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ቤቱን መጠየቅ ነው። ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበትንና ዳዊቴ የተቀመጠበትን ጥግ የማጸዳው እኔው ራሴ ስለሆንኩ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ጎረቤቴ ደግሞ ሙስሊም ናት፤ መስገጃዋ በተነጠፈበት ክፍል ጫማውን ሳያወልቅ የገባ ሰው ዳግመኛ አይመጣም። እነዚህን ነገሮች ሠራተኛዋ ከተቆጣኋት በኋላ ከምታውቃቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ብትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

ምሳን በተመለከተ እኔ ቤቴ የገባን ሰው ሳላበላ መስደድ አልችልም፤ ነገር ግን ሁሉም ቤት እንደዚያ አይደለም፤ ጾምና ፍስኩም ይለያያል። አንዷ ስትበላ ሌላዋ ጦሟን እንዳትውል ይህን ከደንበኛው ጋር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተስማሚ።

የሒሳብ ባለሙያ ከሜክሲኮ፦

ብዙ ጀማሪዎች ዋጋቸውን የሚወስኑት ሌላው ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቀው ከዚያ በመቀነስ ነው። ያ ሌላው ሠራተኛውን ጡረታ ሳያስመዘግብ፣ ግብር ሳይከፍል የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል የእርሱ ዋጋ ለእናንተ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስሌቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ የደመወዙን ቁጥር የወሰድኩት ለማሳያ ያህል ስለሆነ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

አንዲት ሠራተኛ በወር 8,000 ብር ብትቀጠር፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ድርጅቱ 11 በመቶ፣ ማለትም 880 ብር ይጨምርላታል፤ ከእርሷ ደመወዝ ደግሞ 7 በመቶ ተቀንሶ ገቢ ይሆናል። ስለዚህ ለድርጅቱ የወሩ ወጪ 8,880 ብር፣ የዓመቱ 106,560 ብር ነው። በሳምንት 6 ቀን ብትሠራ በዓመት 312 ቀን ይሆናል፤ ከዚህ ላይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ እንዲሁም 11 ያህል በሥራ ቀን የሚውሉ የሕዝብ በዓላት ሲቀነሱ 285 ቀን ይቀራል። ወጪው ለ285 ሲካፈል ለአንድ የሥራ ቀን 374 ብር ገደማ ይመጣል። ደመወዙን ለ26 ቀን ብቻ አካፍሎ 308 ብር ነው ብሎ ዋጋ ያወጣ ሰው በእያንዳንዱ ቀን 66 ብር ከኪሱ እያወጣ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ሥራ የሌለበት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአራት ቀን ሦስቱ ብቻ ሥራ ቢኖረው፣ ያው ወጪ የሚሸፈነው በ214 ቀን ገደማ ስለሚሆን የአንዱ ቀን ዋጋ ወደ 500 ብር ይጠጋል። በዚህ ላይ ትራንስፖርት፣ የጽዳት ዕቃ፣ የክፍሉ ኪራይ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የስልክና የማስታወቂያ ወጪ፣ የእናንተ የሦስታችሁ የራሳችሁ ደመወዝና ትርፍ ይጨመራል። የባለቤቶቹ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ወለል እየወለወሉ ገቢው ትርፍ ይመስላቸዋል፤ ሰው ሲቀጥሩ ግን ትርፉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

የመጀመሪያውን ቀን ጽዳት ከመደበኛው ለይታችሁ አስከፍሉ። ለወራት ያልተነካ ማእድ ቤት፣ የምድጃው ጭስ የተጋገረበት ግድግዳና አዲስ ተረክበው ያልገቡበት ቤት በአይነታቸው ሌላ ሥራ ስለሆኑ ሳታዩ በስልክ ዋጋ አትስጡ። መደበኛው ሳምንታዊ ጽዳት ግን በአንድ ጉብኝት የተወሰነ ዋጋ ቢኖረው ለደንበኛውም ለእናንተም ይቀላል፤ በሰዓት ማስከፈል ፈጣኗን ሠራተኛ ይጎዳል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ማጽጃዎች ዋጋ ስለማይጨበጥ፣ የዕቃውን ዋጋ ከጉልበቱ ለይታችሁ ጻፉና በየሦስት ወሩ እንደሚከለስ በውሉ ላይ አስፍሩ።

አቋራጭ ፈላጊ፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ለጀማሪ የሚከብዱ ይመስሉኛል። ሦስት ሴቶች ባላቸው ትንሽ ገንዘብ ጡረታና የዓመት ፈቃድ ይዘው ሲጀምሩ፣ ሁለት ወር ደንበኛ ቢጠፋ ደመወዙ ያፈርሳቸዋል። እኔ ብሆን ሥራውን በአገናኝነት እጀምር ነበር። ጽዳት የሚችሉ ሴቶችን መዝግቦ፣ ደንበኛ ሲደውል ልኮ፣ ከተከፈለው ላይ ድርሻ መውሰድ ነው። ሥራ ሲኖር ሁሉም ያገኛል፤ ሥራ ሲጠፋ ግን ድርጅቱ ላይ የሚወድቅ ዕዳ አይኖርም። በኋላ አቅም ሲገኝ ወደ ቅጥር መሸጋገር ይቻላል።

ተመላላሽ የነበርኩ፦

ወንድሜ፣ ያሉት መንገድ ለከፋቹ ይቀላል፤ ሸክሙ ግን አይጠፋም፣ ወደ ሠራተኛዋ ይዞራል እንጂ። እኔ ለብዙ ዓመታት በደላላ አማካይነት በየቤቱ ተመላላሽ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን በደመወዝ የምሠራው በአንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

በደላላ ስሠራ ከመጀመሪያው ደመወዜ ላይ ይቆረጥብኛል፤ ከአሠሪዬም ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ደላላው አያውቀኝም። ታምሜ ከቀረሁ ብር የለም። ከቤቱ አንድ ነገር ጠፋ ከተባለ የሚቆምልኝ ሰው የለም፤ ዕቃው ከሶፋ ሥር ቢገኝም እንኳ ይቅርታ የሚለኝ አልነበረም። በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ሥራ የሚሄዱ ቤቶች ነበሩ። ምድጃ ተለኩሶ፣ ማጽጃው እየሸተተ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎብኝ እውል ነበር። እህቴ፣ ይህን በውላችሁ ላይ በግልጽ እንድትከለክሉ እለምንሻለሁ፤ ሠራተኛ ባለችበት ቤት በር ከውጭ አይቆለፍም፤ የሚቆለፍ ከሆነም ቁልፉ ከእርሷ ጋር ይሁን። ደግሞም አንድ ሰው በሥራ ላይ ያለችን ሴት ቢተነኩስ፣ ሥራውን ጥላ እንድትወጣና የቀኑ ክፍያዋ እንዳይቀርባት አስቀድማችሁ ንገሯት። እኛ የምንፈራው ከቤቱ መውጣትን ሳይሆን፣ ከወጣን በኋላ «ለምን ወጣሽ» የሚለንን ነው።

በሕጉም በኩል ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቤተሰብ ለራሱ የሚቀጥራት የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ተደርጓል። ያቺው ሴት ያንኑ ወለል የጽዳት ድርጅት ተቀጣሪ ሆና ብትወለውል ግን ሙሉ በሙሉ በአዋጁ ሥር ትገባለች። በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ ስትሠራ የትርፍ ሰዓት ይከፈላታል፤ ስትወልድ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስባት የምትጠይቀው አላት፤ ስታረጅ ጡረታ ይጠብቃታል። ሦስታችሁ ይህን ድርጅት ስትከፍቱ ለአንዲት ሴት የምታደርጉት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ አገናኝ ብቻ ከሆናችሁ ግን በእኛ ሰፈር ካሉት ደላሎች የምትለዩበትን አላየውም።

ለንግዱም ቢሆን ይጠቅማችኋል። ድርሻ እየተቆረጠባት የምትሠራ ሴት ደንበኛው «ለምን በቀጥታ አንቺን አልጠራሽም» ሲላት እምቢ የምትልበት ምክንያት የላትም። ደመወዝ፣ ጡረታና ፈቃድ ያላት ግን ያንን ሁሉ ለአንድ ቤት ብላ አትተውም።

አቋራጭ ፈላጊ፦

እህቴ፣ የቆለፉብዎትን ነገር ሳነብ አዘንኩ፤ ስለ ደንበኛ መውሰድ ያነሱትንም እቀበላለሁ። የእኔ ስጋት አሁንም የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ምናልባት መስማሚያው ሦስቱ ባለቤቶች ራሳቸው እየሠሩ ጀምረው፣ የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች በሳምንት ለሦስት ቀን ብቻ በጽሑፍ ውል መቅጠር ይሆናል። ደመወዙም ጡረታውም በዚያው ልክ ይሰላል፤ ሠራተኛዋም ሕጋዊ ትሆናለች፤ ድርጅቱም መሸከም የማይችለውን አይሸከምም።

የወለልና የጨርቅ ነገር፦

በጽዳት ሱፐርቫይዘርነት የምሠራ ሰው ነኝ። የሆቴል ልምድ ያላችሁ መሆኑ መልካም ነው፤ ይሁንና የሰው ቤት ከሆቴል ክፍል በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ሆቴሉ ውስጥ ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ወለል፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ማጽጃውም ተመርጦ ይሰጣችኋል። በመሀል ከተማ ግን ጠዋት የገባችሁበት ቤት ሴራሚክ፣ ከሰዓት የምትገቡበት እምነበረድ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ነባር ቤቶች ከፈረሳው የተረፉት ደግሞ በሰም የሚወለወል የጣውላ ወለል ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛዋ መጀመሪያ መማር ያለባት የረገጠችውን ወለል መለየት ነው።

እምነበረድ አሲድ አይችልም። የሽንት ቤት አሲድ ብቻ ሳይሆን ሆምጣጤና ሎሚም ይበሉታል፤ የሚቀረው ነጭ ጠባሳ ደግሞ በመወልወል አይለቅም፤ በማሽን መፋቅ ይፈልጋል። ፓርኬትና ጣውላ ውኃ ሲተኛባቸው ያብጣሉ፤ በሚገባ በተጨመቀ መወልወያ ተጠርገው ወዲያው መድረቅ አለባቸው። የሱፍ ምንጣፍ በረኪና ከነካው ቃጫው ይበላል፤ ቀለሙም ይሄዳል። አዲስ በተረከቡት ቤት ውስጥ የሲሚንቶና የቀለም ጠብታ ለማስለቀቅ አሲድ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፤ አሲዱ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ሙሌት ይሰረስረዋል፤ የቧንቧዎቹን የሚያብረቀርቅ ቅብም ያጠቁረዋል። እኔ የፕላስቲክ መፋቂያና ትዕግሥት እመርጣለሁ፤ አሲድ ግድ ከሆነም በጣም ቀጥኖ፣ ሙሌቱ አስቀድሞ ውኃ ጠጥቶ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ በረኪናን ከምንም ጋር እንዳትቀላቅሉ ነው። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ጠባብ ነው፤ መስኮቱም ትንሽ ነው፤ ሠራተኛዋ በሩን ዘግታ ሁለቱን በአንድ ላይ ብትጠቀም ሳንባዋ ሊጎዳ፣ ሕይወቷም ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎች «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያነጣሉ» ብለው ያምናሉ፤ ይህ እምነት ከሠራተኞቻችሁ አእምሮ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ አስተምሩ። በረኪና በሙቅ ውኃም አይበጠበጥም፤ ኃይሉን ያጣል፤ ሽታውም ይከብዳል። ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ መያዝ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከመርካቶ በጅምላ የምትገዙትን ማጽጃ ሁሉ ስሙ በአማርኛ በጉልህ በተጻፈበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ።

ስለ ጨርቁም ልጨምር። የሽንት ቤት ጨርቅ፣ የማእድ ቤት ጨርቅና የአቧራ ጨርቅ በቀለም ይለዩ፤ ቀይ ለሽንት ቤት ከሆነ በየትም ቤት ቀይ ነው። ጨርቆቹ ደንበኛው ቤት ሳይታጠቡ ወደ ክፍላችሁ ተመልሰው በአንድ ላይ ይቀቀሉ፤ የአንዱን ቤት ጉንፋን ወደ ሌላው ቤት አትውሰዱ። ሥራው ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ ይሂድ። የመልሶ ማልማቱ ፈረሳና ግንባታ ባለበት አካባቢ ደግሞ አቧራው ደቃቅ ስለሆነ በደረቅ ጨርቅ ከተመታ ተነሥቶ እንደገና ይተኛል፤ በትንሹ እርጥበት ባለው ጨርቅ ይነሣ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለጽዳት ቀን መያዝ በራሱ ዕቅድ ይፈልጋል። ደንበኛው ቀጠሮ ሲይዝ ሰፈሩ ውኃ የሚያገኝበትን ቀንና ሮቶ ያለው መሆኑን ጠይቁ። በሁለት ባልዲ መወልወል፣ አንዱ ለንጹሑ አንዱ ለቆሻሻው፣ ውኃ ይቆጥባል፤ ወለሉንም ይበልጥ ያጠራል።

ጀማሪዋ ከልደታ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ፣ የጸሎት ቦታና የመስገጃ ነገር በመጀመሪያው ቀን መጠይቃችን ውስጥ ይገባል። ተመላላሽ የነበሩት እህቴ የጻፉትን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ሦስታችንም በአገናኝነት እንደማንጀምር ተስማምተናል። እኛው እየሠራን እንጀምራለን፤ ሁለት ሠራተኞችንም በሳምንት ለሦስት ቀን እንቀጥራለን።

የቀረኝ ጥያቄ የተሰበረ ዕቃን ይመለከታል። ሠራተኛዋ ውድ ዕቃ ብትሰብር ከደመወዟ መቁረጥ ይፈቀድልናል? ደንበኛውስ ማንን ይጠይቃል?

የንግድ ሕግ ተከታታይ፦

ደንበኛው የሚጠይቀው ድርጅቱን ነው። ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ እንደሚሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደነግጋል። ከሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ግን እንደ ፈለጋችሁ መቁረጥ አትችሉም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በራሷ የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የእኔ ምክር ከየሥራው ገቢ ትንሽ ትንሽ እያነሣችሁ ለተሰበረ ዕቃ የሚሆን መጠባበቂያ እንድትይዙ፣ በደንበኛው ውል ላይ ደግሞ ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብና የማይተካ የቤተሰብ ቅርስ ከጽዳቱ በፊት እንዲቆለፍበት የሚጠይቅ አንቀጽ እንድታስገቡ ነው።

የሙከራ ጊዜን በተመለከተ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠሩም። ከአሲድና ከበረኪና ጋር ለሚሠራ ሥራ ግን 18 ዓመት ያልሞላትን ባትቀጥሩ እመርጣለሁ።

የሕንፃ ኮሚቴ አባል፦

ስለ ደንበኛ አገኛኘት አንድ መንገድ ላመልክት። የጋራ ሕንፃዎች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር አላቸው፤ ደረጃው፣ ኮሪደሩና መግቢያው የሚጸዳው በማኅበሩ ወጪ ነው። ከአንድ ሕንፃ ማኅበር ጋር የደረጃ ጽዳት ውል ብትፈራረሙ በየወሩ የማይቀር ገቢ ይኖራችኋል፤ ሠራተኛችሁም ሥራ በሌለበት ቀን የምትውልበት ታገኛለች። ከዚያ በላይ ግን ነዋሪው በየቀኑ ደረጃው ላይ ያያችኋል። ጥበቃውም ያውቃችኋል፤ ሰላምታ የተለዋወጠችውን ሴት ወደ ቤቱ ለማስገባት ማንም ብዙ አያመነታም። ሁሉንም ሰፈር በአንድ ጊዜ ከመያዝ ከልደታ ሁለትና ሦስት ሕንፃ ብትጀምሩ ሠራተኞቻችሁ ለታክሲ የሚያወጡት ገንዘብና በሰልፍ የሚያባክኑት ሰዓትም ይቀንሳል።

ተመላላሽ የነበርኩ፦

ስለ ሰዓቱ የተነሣውን ላጠናክር። አብዛኞቻችን የምንመጣው ከዳር ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከኮዬ ፈጬ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ልደታ ለመድረስ ገና ሳይነጋ መነሣት አለብን፤ ሲመሽም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያ ቀጠሯችሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ የመጨረሻውንም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያበቃ ብታደርጉት ሴቶቹ በብርሃን ቤታቸው ይገባሉ።

የወለልና የጨርቅ ነገር፦

ሌላም የረሳሁት አለ። በክረምት ሶፋና ምንጣፍ ለማጠብ ጥያቄ ሲመጣላችሁ አትቀበሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ የታጠበ ስፖንጅ ስለማይደርቅ ይሸታል፤ ይሻግታልም። ያንን ሥራ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ቀጠሮ ስጡት። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ሳምንታት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚደውል፣ መደበኛ ደንበኞቻችሁ ከወር በፊት ቀናቸውን እንዲይዙ አድርጉ፤ ለበዓል ብቻ ለሚደውል አዲስ ሰው ብላችሁ የሳምንት ደንበኛችሁን ቀን አትሽሩ።

ጀማሪዋ ከልደታ፦

የሰዓቱን ነገር እንዳሉት አድርገን ጽፈነዋል። የሕንፃ ኮሚቴ አባል፣ የደረጃ ጽዳት ውል በሕንፃ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ መጽደቅ ይኖርበት እንደሆነና ለሊቀመንበሩ ምን ዓይነት ማመልከቻ እንደሚቀርብ ቢያብራሩልን ማኅበራችን ተመዝግቦ ፈቃዱ እንደ ወጣ በመጀመሪያ ወደ ራሳችን ሕንፃ ኮሚቴ እንሄዳለን።

የሕንፃ ኮሚቴ አባል፦

በእኛ ሕንፃ ሥራ አመራር ኮሚቴው ዋጋ ተቀብሎ ያወዳድራል፤ ወጪው በነዋሪው ወርኃዊ መዋጮ ላይ ጭማሪ የሚያመጣ ከሆነ ብቻ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስደዋል። የእናንተ ሕንፃ መተዳደሪያ ደንብ ሊለይ ስለሚችል አስቀድማችሁ ቅጂውን ጠይቁ። ማመልከቻችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የሚጸዱትን ቦታዎች በስም፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጸዱ፣ ማጽጃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ውኃው ከየትኛው ሮቶ እንደሚቀዳና የወር ዋጋውን ይግለጽ። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ቅጂ አያይዙበት። ለአንድ ወር የሙከራ ውል እንደምትቀበሉ ብትጨምሩበት ኮሚቴው ቶሎ ይወስናል።